በሰው ድንጋጤ መደሰት ይገባልን?

ነገሩ የተጀመረው እንደ ቀልድ ነው። ጥቅምት 20 ገደማ፣ አንድ ማታ ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ፣ አንዱ ጓደኛዬ በስልኩ ላይ የዘፈን ዝርዝር ሲደረድር ቆየና «እስቲ ፍረዱኝ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ሃሎዊን ሃሎዊን የሚለው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ልጁ ለድሮ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጎቲክና ኢንዱስትሪያል ሙዚቃ ነፍሱን ይሰጣል፤ እኛም በእሱ ምክንያት ወደድንም ጠላንም ለምደነዋል። አንዱ የባውሃውስን መረጠ፣ ሌላው የሱክሲን፣ እኔ የሚኒስትሪን። ጠያቂው ራሱ ግን «ሁላችሁም አታውቁም» አለና «ሃምበርገር ሌዲ» የተባለውን ዘፈን ከፈተልን። አራት ደቂቃ ያህል ማንም አልተናገረም። ሲያበቃ «አያችሁ? አንደኛ ይኼ ነው!» አለ። ተስማማን። እኔም ተስማማሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ታዲያ ከፍርሃት ሳይሆን ከመስማማቴ የተነሣ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ስለ በዓሉ ጥቂት ልበል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከጥቅምቱ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሃሎዊን በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ማታ ይከበራል። ስሙ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ከመሆኑ የመጣ ነው፤ በዓሉ ኖቬምበር 1 ይውላል፣ በማግስቱ ደግሞ ሙታን ይታሰባሉ። አሜሪካ ውስጥ ያስፋፉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሰደዱት አይርላንዳውያንና ስኮትላንዳውያን ናቸው። ዛሬ ከጸሎቱ ይልቅ ጨዋታው ገኗል። ልጆች የሙት፣ የጠንቋይ፣ የአጽም ልብስ ለብሰው በየደጁ እየዞሩ ከረሜላ ይለምናሉ፤ ዱባ ተፈልፍሎ ዓይንና ጥርስ ይወጣለትና ውስጡ ሻማ ይበራል። ለእኔ ጉዳይ የሚጠቅመኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ ይኸ ጨዋታ ውል አለው። የሚያስፈራውም የሚፈራውም ውሉን ያውቁታል። በሩን የምትከፍተው ሴትዮ የደነገጠች መስላ ትጮኻለች፣ ሕፃኑ ይስቃል፣ ጧት ሲነጋ ጭምብሉ ይወልቃል። ውሉን አፍርሶ የምሩን የሚያስፈራራ ቢመጣ ከረሜላ ሳይሆን ፖሊስ ነው የሚጠራለት።

እንግዲህ በዚህ ዓይን ዘፈኖቹን እንያቸው። ባውሃውስ የሚባሉ አራት የኖርዝሃምፕተን ልጆች በጃንዋሪ 1979 «ቤላ ሉጎሲ ሞቷል» የሚል ዘፈን ቀዱ፤ ሸክላው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ወጣ። ርዝመቱ ከዘጠኝ ደቂቃ ያልፋል። ዘፋኙ ፒተር መርፊ አፉን እስኪከፍት ድረስ ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ እስከዚያ የምንሰማው የከበሮውን ኳኳታ፣ በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው እርከን እርከኑን የሚወርደውን ቤዝና እንደ ዛገ ማጠፊያ የሚያቃስተውን ጊታር ነው። የጎቲክ ሙዚቃ መነሻ ይኸ ዘፈን ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ልብ ብሎ ላዳመጠው ዘፈኑ በግማሽ ጎኑ ይስቃል። ግጥሙ ከድሮ የቫምፓየር ፊልም ዕቃ ግምጃ ቤት የተለቀመ ጌጥ ነው፤ የከበሮውም ምት ቢሆን ወደ ቦሳ ኖቫ፣ ወደ ብራዚሉ ዳንስ የሚያደላ ነው እኮ! ስለዚህ ውሉ ተጠብቋል። ማንም አልተጎዳም።

ማንም አልተጎዳም አልኩ እንጂ፣ ቤላ ሉጎሲ ሰው ነበር። በ1882 በዚያን ጊዜ የሃንጋሪ ግዛት በነበረችው ሉጎስ ተወለደ፤ በ1927 በኒው ዮርክ ቲያትር፣ በ1931 ደግሞ በፊልም ድራኩላን ሆኖ ተጫወተ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆኖ ሊያየው የፈለገ አልተገኘም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ለሕመም ማስታገሻ የጀመረው ሞርፊን ሱስ ሆነበት፤ በ1955 በገዛ ፈቃዱ ሆስፒታል ገብቶ ታከመ፤ በማግሥቱ ዓመት ኦገስት ላይ በ73 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው የድራኩላን ካባ እንደለበሰ ነው። ልጁ እንደተናገረው ይህን የወሰኑት ቤተሰቦቹ እንጂ እሱ ተናዝዞ አይደለም። ጭምብሉ ጧት ሳይወልቅለት የቀረ ሰው ማለት ይኸው ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ዘፈኑ ቀዘቀዘብኝ፤ ግን ትንሽ ብቻ። ምክንያቱም ካባውን መጀመሪያ በትከሻው ላይ የጣለው ራሱ ነው። ሙያው ነበር፤ እንጀራው ነበር። በፍርሃታችን ሊያጫውተን ተስማምቶ መድረክ ላይ ወጥቷል።

የሱክሲ ኤንድ ዘ ባንሺስ «ሃሎዊን» (1981) ላይ ብዙ አልቆይም። ስሙ ራሱ ሃሎዊን ስለሆነ ክፍላችን ውስጥ ድምፅ ያገኘ ይመስለኛል። ጊታሩ ድንቅ ነው፤ ከሕፃንነት ስለ መውጣት ይናገራል፤ ያስፈራል ግን አያሳፍርም።

የሚኒስትሪው ዘፈን ሌላ በር ይከፍታል። አል ዡርገንሰን በ1980ዎቹ አጋማሽ ቺካጎ ውስጥ ዋክስ ትራክስ በተባለ አሳታሚ ያወጣው ነው፤ ርዕሱ «በየቀኑ ሃሎዊን ነው» እንደማለት ነው። ምቱ ለዳንስ የተመቸ፣ ቀለል ያለ ስለሆነ በጓደኛዬ ሚዛን «አያስፈራም» ተብሎ ታች ወረደ። ነገር ግን ማን ማንን እንደሚፈራ የጠየቅን እንደሆነ ሚዛኑ ይገለበጣል። ተናጋሪው በየቀኑ እንደ ሃሎዊን ለብሶ የሚወጣ ወጣት ነው፤ መንገደኛው ያፈጥበታል፣ ይዘልፈዋል፣ ያስፈራራዋል፤ እሱም እንደፈለገ መኖሩ ሌላውን ለምን እንደሚያስቆጣ ይጠይቃል። ለአንድ ሌሊት ሲሆን ጨዋታ የተባለ ልብስ ለ365 ቀን ሲሆን ጥፋት ሆነ ማለት ነው።

ይኸ የዘፋኝ ብሶት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኦገስት 2007 በእንግሊዝ አገር፣ ላንካሺር፣ ባካፕ በምትባል ከተማ መናፈሻ ውስጥ አንዲት የ20 ዓመት ወጣትና የወንድ ጓደኛዋ በጎረምሶች ተደበደቡ። ሁለቱም የጎቲክ አለባበስ ነበራቸው። መጀመሪያ የወደቀው እሱ ነበር፤ እሷ ራሱን ታቅፋ ስትከላከልለት ወደ እሷ ዞሩ። እሱ ተረፈ። እሷ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ዳኛው የጥላቻ ወንጀል ነው አሉ፤ በ2013 ደግሞ የታላቋ ማንቸስተር ፖሊስ እንዲህ ባለ አለባበስ ምክንያት የሚፈጸምን ጥቃት በጥላቻ ወንጀል መዝገብ መጻፍ ጀመረ። ፊቷን የተቀባችው እሷ ነበረች፤ አውሬ የሆኑት ግን ፊታቸውን ያልተቀቡት ናቸው። ታዲያ ከእነዚህ ዘፈኖች «የሚያስፈራው የቱ ነው?» ሲባል ይኸኛው መጨረሻ መውጣቱ፣ የምንለካው የጆሯችንን ብርድ እንጂ የሰውየውን ፍርሃት አለመሆኑን ያሳያል።

አሁን ወደ አንደኛው ልምጣ።

ትሮቢንግ ግሪስል የተባለው ቡድን በ1975 እንግሊዝ አገር ተመሠረተ፤ በ1976 «ኢንዱስትሪያል ሪከርድስ» የሚል የሸክላ አሳታሚ አቋቋመ፤ ኢንዱስትሪያል የሚለው የሙዚቃ ስምም የወጣው ከዚያ ነው። ለንደን ውስጥ የሚቀዱበትን ቤት «የሞት ፋብሪካ» ይሉት ነበር። ናዚዎች ሰው የፈጁበትን የመርዝ ጋዝ ስም ከ«ዞምቢ» ጋር አጋብተው የዘፈን ርዕስ አድርገዋል (1978)፤ እንግዲህ ስለምን ዓይነት ሰዎች እንደምናወራ ከዚህ ይታወቃል። «ሃምበርገር ሌዲ»ም በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው አልበማቸው ውስጥ ነው። ግጥም አይደለም፤ ደብዳቤ ነው። አል አከርማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ሰው፣ ሰውነቷ ክፉኛ ስለተቃጠለ አንዲት የሆስፒታል ሕመምተኛና ስለሚያስታምሟት ሰዎች የጻፈውን ነው ያነበቡት። የሚያነበው ድምፅ በመሣሪያ ውስጥ አልፎ ስለሚንቀጠቀጥ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ይመስላል። ከሥሩ የሌሊት ሆስፒታል መኪና የመሰለ ነገር ያለማቋረጥ ያጓራል። ዜማ የለም። ሴትዮዋ የምትጠራው በርዕሱ ላይ ባለው ቅጽል ነው፤ ሃምበርገር ማለት የተፈጨ ሥጋ ማለት መሆኑን ልብ በሉ። እናቷ ያወጣችላት ስም ዘፈኑ ውስጥ የለም።

እኛ አንደኛ ያልነው ይህን ነው። ከድራኩላና ከዱባ ጋር አንድ መስመር ላይ አስቀምጠን፣ በአንድ ሚዛን መዝነን፣ «ሃሎዊንነቱ» በልጧል ብለን ፈረድን። ሴትዮዋ ግን በማንም ደጅ ጭምብል ለብሳ አልቆመችም። ከረሜላ አልለመነችም። ውል አልገባችም። ጧት ሲነጋ የምታወልቀው ነገር አልነበራትም፤ ቆዳዋ ነበር።

ፕላቶን በ«ሪፑብሊክ» አራተኛ መጽሐፍ ስለ ሊዮንቲዎስ የሚያወራው አጭር ታሪክ አለ። ሰውየው ከፒሬዎስ ወደ አቴና ሲወጣ በሰሜኑ ቅጥር ሥር የተገደሉ ሰዎች ሬሳ ተጋድሞ ያያል። ማየት ያምረዋል፤ ያስጠላዋልም። ፊቱን ሸፍኖ ከራሱ ጋር ይታገላል። በመጨረሻ ምኞቱ ያሸንፈውና ሮጦ ሄዶ ዓይኖቹን በልጥጦ፣ እናንተ እርጉሞች እንግዲህ ጥገቡ እያለ ይሰድባቸዋል። ፕላቶን ታሪኩን የሚያመጣው ቁጣችን ከምኞታችን ጋር ሊጣላ እንደሚችል ለማስረዳት ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ሊዮንቲዎስ ቢያንስ አፍሯል። ሬሳዎቹን በደረጃ አላወጣቸውም።

እንግሊዛዊው (ትውልዱ አይርላንዳዊ ነው) ኤድመንድ በርክ ደግሞ በ1757 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አስፈሪ ነገር ደስ የሚለው በጣም ካልተጠጋን ነው ይላል። እስከዚህ ሁላችንም እንስማማለን፤ ጅብን በመስኮት ማየት ሌላ፣ በመንገድ ማግኘት ሌላ። በርክ ግን እዚያ አይቆምም። ከሁሉ የተዋጣው ትራጀዲ፣ በምርጥ ተዋንያን ሊታይ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ፣ አጠገብ ባለው አደባባይ አንድ ትልቅ ሰው በሞት ሊቀጣ ነው ተብሎ ቢነገር ቲያትር ቤቱ በአንድ አፍታ ባዶ ይሆናል ይለናል። ይህን ስናነብ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ስቄአለሁ። አሁን ሳስበው እኛም ያን ማታ ያደረግነው ይኸንኑ ነው። ቤላ ሉጎሲን መድረክ ላይ ትተን ወደ አደባባዩ ሮጥን። ያውም ከአልጋችን ሳንነሣ።

ይህን ሁሉ በማግስቱ ለጓደኛዬ ነገርኩት። ልጁ ሞኝ አይደለም፤ አጥብቆ ተከራከረኝ። «አንተ እኮ ነገሩን ገልብጠኸዋል» አለኝ። «እነዚያ ሰዎች ሙዚቃውን የሠሩት እንድንደሰት መሰለህ? ጋዜጣ በየቀኑ የተቃጠለ፣ የተገደለ ይነግርሃል፤ አንተ ሻይህን እየጠጣህ ታነባለህ። እነሱ ሻይህን ደፉብህ። ጭምብል የለበሱት ጎቲኮቹ ናቸው፤ ኢንዱስትሪያሎቹ ግን ጭምብሉን ነው የቀደዱት። ደግሞስ ስለዚች ሴት ያለዚያ ዘፈን ማን ይሰማ ነበር? አንተ ራስህ እንቅልፍ ያጣኸው በማን ምክንያት ነው?»

መልስ አጣሁ። ለሁለት ቀን ያህል አጣሁ። እውነቱን ነው፤ ያን ሌሊት ስለ ሴትዮዋ ያሰብኩት ዘፈኑ ስላለ ነው። ደብዳቤውን ያለ ጌጥ ያለ ዜማ ማንበባቸውም ምናልባት ከሙሾ የበለጠ ሐቀኛ ይሆናል። በኋላ የታየኝ ግን ይህ ነው። የጓደኛዬ መከላከያ የሚሠራው ዘፈኑ ሻዩን እስከደፋብን ድረስ ብቻ ነው። «ሃሎዊን» የሚል ርዕስ ባለው ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ሻይ መድፋቱን ትቶ ራሱ ሻይ ይሆናል። የተቀደደውን ጭምብል ሰፍተን ሴትዮዋ ፊት ላይ ያደረግነው እኛ ነን፤ ዘፋኞቹን ለመክሰስ አልቸኩልም። አንድ ዘፈን ብቻውን የሚጠይቀን ነገር አለ፤ ከሌላው ጋር አወዳድረን ቁጥር ስንሰጠው ጥያቄው ይዘጋል። ቁጥር የሰጡት ነገር መልስ አይጠብቅም።

ይሁን እንጂ ነገሩ እንዲህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ጭምብሉን ከፊቱ ለይቶ፣ በጭምብሉ መጫወት፣ በፊቱ አለመጫወት። ችግሩ ሁልጊዜ መለየት አለመቻሉ ነው። የጆይ ዲቪዥን ነገር ይኸ ነው። እነዚህ የማንቸስተር አካባቢ ልጆች ጎቲክ ናቸው አይደሉም የሚለው ክርክር አያልቅም፤ የጎቲክ ሰዎች ግን ሁሉ እንደ አባት ያዩዋቸዋል። ስማቸውን ያመጡት በናዚ የእሥር ካምፖች ሴቶች የሚደፈሩበትን ክፍል ከሚያወሳ ልብ ወለድ ነው። (እዚህ ላይም ስም ከሥቃይ ተወስዷል፤ ማን ፈቀደ?) ሁለተኛው አልበማቸው «ክሎዘር» በጁላይ 1980 ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ከጄኖዋ መቃብር ቦታ የተነሣ የመካነ መቃብር ሐውልት ፎቶግራፍ ነበረበት። ሐውልቱ የተመረጠው አስቀድሞ ነው። ዘፋኙ ኢያን ከርቲስ ግን ሸክላው ከመውጣቱ በፊት፣ ሜይ 18 ቀን 1980፣ በ23 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ መድረክ ላይ ሳለም የያዘው ጊዜ አለ፣ ተመልካቹም ከዳንሱ የሚለይበት አጥቶ ነበር ይባላል። የቡድኑ ጓደኞቹ ከዓመታት በኋላ ሲጠየቁ ግጥሙን እንደ ኪነት እንጂ እንደ ራሱ ኑዛዜ እንዳልሰሙት ተናግረዋል። በየቀኑ አብረውት የሚለማመዱ ሰዎች ናቸው። ክፉዎች አልነበሩም። ዘፈኑ ያምር ነበር፤ በቃ።

ይህን የምጽፈው ስለ ማንቸስተር ብዬ ብቻ አይደለም። አምና ክፍላችን ውስጥ አራተኛው አልጋ ላይ የሚተኛ ልጅ ነበር። የዚህ መጽሔት አንባቢ ከሆናችሁ ግጥሙን ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ጊዜ አትመንለታል። ሁልጊዜ ስለ ሞት ይጽፋል። በሥነ ጽሑፍ ምሽታችን ላይ ሲነሣ አዳራሹ ጸጥ ይላል፣ ሲጨርስ ጭብጨባው ከሁሉም ይበልጣል፤ «ጨለማው መጣ» እንለው ነበር በፍቅር። እሱም ይስቃል። ማታ መብራት አጥፍተን ስንተኛ አንዳንዴ እንደማይተኛ አውቃለሁ፤ ባለቅኔ አይደል፣ ስንኝ ያስባል ብዬ ዞሬ እተኛለሁ። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አጋማሽ አንድ ቀን ከክፍል ስንመለስ አልጋው ባዶ ነው፤ ሻንጣው የለም። እህቱ ቆይታ ነው የነገረችን፤ ለረጅም ጊዜ ታሞ ኖሯል፣ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ ሕክምና ጀምሯል። ከእኛ አንዳችንም ስለ ግጥሙ እንጂ ስለ ራሱ ጠይቀነው አናውቅም። ግጥሙ ላይ ግን ብዙ ተነጋግረናል፤ የትኛው እንደሚበልጥ፣ የትኛው ይበልጥ እንደሚያስፈራ። እኔ አንዱን አንደኛ ብዬ በክፍል ጋዜጣ ላይ ሂስ ጽፌበታለሁ። ጥሩ ሂስ ነበር ብላችኋል።

ታዲያ አሳዛኝ ግጥም የጻፈ ሁሉ ታሟል ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ ከሆነ የጎቲክ ወጣት ሁሉ ሐኪም ቤት ይግባ የሚሉትን መምሰሌ ነው፤ ለእነዚያስ የባካፕ ጎረምሶች ሩቅ ዘመዶች ናቸው። ብዙው ሰው ጥቁር የሚለብሰው ጥቁር ስለሚያምር ነው። ብዙው ገጣሚ ስለ ሞት የሚጽፈው ሞት ትልቅ ርዕስ ስለሆነ ነው። ሁሉንም እየያዙ «ደህና ነህ ወይ?» ማለት ኪነትን መግደል ነው፤ ለባለ ጭምብሉም ስድብ ነው። ግን ደግሞ ከሁሉም ውስጥ አንዱ ጭምብል ያልለበሰ ይኖራል፤ የቱ እንደሆነ ከአስፈሪነቱ መጠን አይታወቅም። ምናልባት የሚታወቀው ጭብጨባው ካለቀ በኋላ አብሮ በመቆየት ነው፤ ይህንንም እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም።

ጓደኛዬ ዝርዝሩን አልለወጠም። «ሃምበርገር ሌዲ» አሁንም አንደኛ ነው፤ ርዕሱን ግን «ሃሎዊን» ከሚለው «ማታ» ወደሚለው ቀይሮታል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። የሚኒስትሪን ዘፈን ደግሞ ሁለተኛ አድርጎታል።

እኔ በሦስተኛው ቀን ለዚያ ልጅ ስልክ ደወልኩ። አላነሣም። ማታ ወደ ሦስት ሰዓት ላይ ራሱ መልሶ ደወለ። ስለ ግጥም አላነሣንም። ምን እንደሚበላ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ጠየቅሁት፤ እንደ እናት ሆንክብኝ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለና የምሽቱ ፕሮግራም አሁንም ሐሙስ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሐሙስ ነው አልኩት።